አንድ ፋብሪካ፣ ብዙ እጅ፦ የአሮጌ መኪና የውስጥ ዕቃዎች እንደ ታሪክ ማስረጃ

(ከዚህ በታች የቀረበው በሺንሺቾ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች የተሰጠ የሕዝብ ገለጻ ነው። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ የቋንቋ እርማት ተደርጎበታል።)



የታሪክ መምህር ስለ አሮጌ መኪና ወንበርና ዳሽቦርድ ሊናገር ሲነሣ፣ ርእሱ ከሙያው የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። እኔ ግን የዛሬው ጉዳያችን የታሪክ ጥናት ዋና ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥያቄውም ይህ ነው፦ ሁለት ማስረጃዎች እርስ በርሳቸው ሳይስማሙ ሲቀሩ፣ የተሳሳተው የትኛው ነው? ወይስ ከሁለቱ አንዱም አልተሳሳተም?

አሮጌ መኪና የሚያድስ ሰው ይህን ጥያቄ በየቀኑ ይገናኘዋል። የወንበሩን ልብስ ሲገፍፍ፣ የበሩን ሽፋን ሲያነሣ፣ ዳሽቦርዱን ሲፈታ የሚያገኘው ነገር ከመመሪያው መጽሐፍ ጋር አይገጥምም። የግራው በር የመስኮት ማንሻ እጀታ ከቀኙ ይለያል። መጽሐፉ «በዚህ ዓመት የነዳጅ ጌጅ ነበረ» ሲል በዳሽቦርዱ ላይ ጌጅ የለም፤ ቀዳዳውም የለም። በመጽሐፉ ያልተጠቀሰ ብሎን በቀለም ተሸፍኖ ይገኛል። በዚህን ጊዜ አብዛኛው ሰው ወዲያውኑ ፍርድ ይሰጣል፤ «አንድ ጋራዥ አበላሽቶታል» ይላል። ፍርዱ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚሳሳተው ፈራጁ ነው፤ ምክንያቱም ፋብሪካ ማለት ሁሉን አንድ ዓይነት አድርጎ የሚያወጣ ቦታ ነው የሚል፣ ተመርምሮ የማያውቅ እምነት ይዞ ስለሚነሣ ነው።

ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ በሦስት ክፍሎች ይከፈላል። በመጀመሪያ ይህ እምነት ከየት እንደ መጣ እናያለን። ቀጥሎ በአገራችን እጅግ የታወቀችውን ቮልስዋገን ቢትልን፣ በተለምዶ አጠራሯ «ቮልስ»ን፣ ምሳሌ አድርገን ልዩነቶቹ እንዴት እንደሚፈጠሩ እንመረምራለን። በመጨረሻም የእኛ የራሳችን ጋራዦችና የታፒሴሪያ ባለሙያዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላቸውን ስፍራ፣ እንዲሁም እድሳት ሲደረግ ምን መነሣትና ምን መቅረት እንዳለበት እንነጋገራለን።

አንድ ዓይነትነት የተባለው እምነት

የአንዱ ዕቃ ክፍል ለሌላው ዕቃ ሳይሞረድና ሳይስተካከል ይገጥማል የሚለው ሐሳብ ከመኪና በፊት የተወለደው በጦር መሣሪያ ሥራ ነው። በፈረንሳይ ኦኖሬ ብላን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዚህ መንገድ የጠመንጃ ክፍሎችን ሠርቶ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ ኢላይ ዊትኒ እ.ኤ.አ. በ1798 ዓ.ም. 10,000 ጠመንጃ ለመንግሥት ለማቅረብ ተዋዋለ፤ በ1801ም በባለሥልጣናት ፊት ክፍሎቹን እየለዋወጠ በመግጠም ተመልካቹን አስደነቀ። ይህ ትርኢት ከመቶ ዓመት በላይ የዘመናዊ ፋብሪካ የልደት ቀን ሆኖ ሲነገር ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮበርት ውድበሪ የተባለው የቴክኖሎጂ ታሪክ ጸሐፊ ነገሩን እንደገና ሲመረምር ግን፣ ከዊትኒ ፋብሪካ የወጡት ጠመንጃዎች ክፍሎቻቸው በትክክል የማይለዋወጡ መሆናቸውን አሳየ። አንድ ዓይነትነት በንግግር የተገኘው በሥራ ከመገኘቱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የሄንሪ ፎርድ ነው። ከ1908 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. የተመረተው ሞዴል ቲ «ጥቁር እስከ ሆነ ድረስ በማንኛውም ቀለም ይገኛል» በሚለው አባባል ይታወቃል። ይሁን እንጂ መኪናው በጥቁር ቀለም ብቻ የተሠራው ከ1914 እስከ 1925 ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ሌሎች ቀለሞች ነበሩት። ሰው የሚያስታውሰው አባባሉን ነው፤ ዕቃው ግን ሌላ ይመሰክራል። ለታሪክ ተማሪ ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ፋብሪካ ስለ ራሱ የሚናገረው ቃል አንድ ምንጭ ነው፤ ፋብሪካው ያወጣው ዕቃ ሌላ ምንጭ ነው። ሁለቱ ሲጋጩ ዕቃውን ጥፋተኛ ማድረግ አይገባም።

ቮልስ እና አራቱ የልዩነት ምክንያቶች

ቮልስ ለዚህ ጥናት የተመቸች ናት፤ በመልኳ ከሁሉም መኪኖች ይልቅ «ያልተለወጠች» ትመስላለችና። እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 1972 የፎርድ ሞዴል ቲን የምርት ቁጥር አለፈች። የመጨረሻዋ ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ስትወጣ በጠቅላላው 21,529,464 ቮልሶች ተሠርተው ነበር። ከሩቅ ሲያዩአት ሁሉም አንድ ናቸው። በሩን ከፍተው ሲቀመጡባት ግን ሌላ ነገር ይታያል። ልዩነቶቹ የሚመጡባቸው ምክንያቶች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ለውጥ የሚደረገው ሥራው ሳይቆም መሆኑ ነው። ኩባንያው ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲሱን የሞዴል ዓመት የሚጀምረው ከፋብሪካው የበጋ ዕረፍት በኋላ፣ በነሐሴ መጀመሪያ ነበር። ትልልቅ ለውጦች በዚህ ጊዜ ይገቡ ነበር፤ ለምሳሌ በ1957 ነሐሴ የኋላው መስኮት ሰፍቶ ዳሽቦርዱም በአዲስ መልክ ተሠራ። ጥቃቅኖቹ ለውጦች ግን የዓመቱን መጀመሪያ አይጠብቁም። በፋብሪካው የዕቃ ዝርዝር መጻሕፍት ውስጥ አንድ ለውጥ የሚመዘገበው በሻንሲ ቁጥር ነው፤ «ከዚህ ቁጥር ጀምሮ ይህ ዕቃ፣ እስከዚህ ቁጥር ድረስ ያ ዕቃ» ተብሎ። ስለዚህ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ወርም ቢሆን፣ ሁለት ዓይነት ዕቃ መኖሩ የሥራው ባሕርይ ነው።

ሁለተኛው፣ አንዱን ዕቃ ለፋብሪካው የሚያቀርቡት ድርጅቶች ከአንድ በላይ መሆናቸው ነው። የፊት መብራት ከቦሽም ከሄላም ይመጣ ነበር። የሁለቱ መስታወት፣ ጽሑፍና ማሠሪያ አንድ አይደለም። አንዱ መብራት ተሰብሮ በሌላው ቢተካ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያድሰው ሰው የሁለት ድርጅቶች ማኅተም ያያል። ከዚህ ተነሥቶ «አንዱ ሐሰተኛ ነው» ማለት አይችልም፤ ሁለቱም የፋብሪካ ናቸው።

ሦስተኛው፣ ገበያና ደረጃ ነው። ቮልስ ለገዢው በሁለት ደረጃ ትቀርብ ነበር፤ ባለ ብዙ ጌጥዋ ዴሉክስና ርካሿ ስታንዳርድ። ዴሉክሷ በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን በ1950 ስታገኝ፣ ስታንዳርዷ እስከ 1962 ድረስ በገመድ የሚሳብ ፍሬን ነበራት። የነዳጅ ጌጅ ለዴሉክሷ የመጣው በነሐሴ 1961 ነው፤ ከዚያ በፊት ነዳጅ ሲያልቅ አሽከርካሪው በእግሩ የሚያዞረው የመጠባበቂያ ቧንቧ ነበር። ስታንዳርዷ ግን ከዚያ በኋላም በቧንቧዋ ቀጠለች። ስለዚህ በ1962 የተሠራች ቮልስ ዳሽቦርዷ ላይ ጌጅ ባይኖር፣ «ተሰርቋል» ወይም «ጋራዡ ደፍኖታል» ከማለት በፊት ደረጃዋን መጠየቅ ይገባል። ገበያም እንዲሁ ይለያል። ለ1967 የሞዴል ዓመት ወደ አሜሪካ የተላኩት ባለ 12 ቮልት ሲሆኑ፣ በዚያው ዓመት ለአውሮፓ የቀረቡት በ6 ቮልት ቀጥለዋል። በ1972 ነሐሴ ደግሞ 1303 የተባለችው ሞዴል ክብ ፓራብሬዛና ለስላሳ ሽፋን ያለው አዲስ ዳሽቦርድ ይዛ ስትመጣ፣ ርካሾቹ እህቶቿ ቀጥ ያለውን ፓራብሬዛና የቀድሞውን ዳሽቦርድ ይዘው ጎን ለጎን ይመረቱ ነበር። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ስም፣ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ዳሽቦርዶች ማለት ነው።

አራተኛው፣ ፋብሪካው አንድ አለመሆኑ ነው። ቮልፍስቡርግ ቮልስን መሥራት ያቆመው ሐምሌ 1 ቀን 1974 ነው፤ ኤምደን እስከ 1978 መጀመሪያ ቀጥሏል። ብዙ የአካባቢያችን ወጣቶች ኑሮ ፍለጋ በሚሄዱባት በደቡብ አፍሪካ፣ ዛሬ ካሪጋ በምትባለው በዩትንሄግ ከተማ፣ ከ1951 እስከ 1979 መሪያቸው በቀኝ የሆነ ቮልሶች ተገጣጥመዋል። ብራዚል ከ1959 ጀምሮ በራሷ ማምረት ስትጀምር የጀርመኑን ለውጥ ሁሉ አልተከተለችም፤ ጀርመን ለ1965 የሞዴል ዓመት የጎን መስኮቶችን ሲያሰፋ ብራዚል በትንንሾቹ ቀጠለች። ናይጄሪያ ከ1975 ጀምሮ ሌጎስ ላይ የገጣጠመችው ደግሞ ከብራዚል በመጡ ክፍሎች ነው። ስለዚህ አፍሪካ ውስጥ በ1970ዎቹ መጨረሻ የተገጣጠመች ቮልስ መስኮቷ የ1960ዎቹ መጀመሪያ ቢመስል የዘመን መዛባት አይደለም። የጉዞ መስመሯን የሚናገር ምስክር ነው።

የዘመን አቆጣጠር ወጥመድ

በአራቱ ምክንያቶች ላይ ኢትዮጵያ ሁለት የራሷን ጨምራለች። አንደኛው የዘመን አቆጣጠራችን ነው።

በጥቅምት 1958 ዓ.ም. የተመረተች አንዲት ቮልስ እናስብ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ወሩ ከጥቅምት እስከ ኅዳር 1965 ላይ ይውላል። በኩባንያው አቆጣጠር ግን የሞዴል ዓመቷ 1966 ነው፤ የ1966 ሞዴል የጀመረው ነሐሴ 1 ቀን 1965 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ሐምሌ 25 ቀን 1957 ዓ.ም. ነውና። ስለዚህ አንዲቷ መኪና 1958፣ 1965 እና 1966 የሚሉ ሦስት ቁጥሮች አሏት፤ ሦስቱም ትክክል ናቸው። በአንድ ወረቀት ላይ «1958» ብቻ ተጽፎ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ሳይገለጽ ቢቀርስ? አንባቢው በአውሮፓ አቆጣጠር ወስዶ ለ1958 ሞዴል የተዘጋጀ የወንበር ልብስ፣ የበር ሽፋንና የጎማ ጠርዝ ያዝዛል። ዕቃው ሲመጣ አይገጥምም፤ በመካከሉ በ1965 የሞዴል ዓመት መስኮቶቹ ሰፍተዋልና። ሰውየውም «የመኪናው አካል ተቀይሯል» ብሎ ይደመድማል። የተቀየረ ነገር ግን የለም፤ የተቀየረው ቁጥሩን የሚያነበው ሰው አቆጣጠር ነው።

እዚህ ላይ ለሥራ የሚጠቅም አንድ መንገድ ልጠቁም። የቮልስ የሞዴል ዓመት የሚጀምርበት ጊዜ ከእኛ ዓመት መለወጫ በአርባ ቀን ገደማ ብቻ ይቀድማል። በመሆኑም ከመስከረም እስከ ሐምሌ 24 ቀን ለተመረተች ቮልስ፣ ከሞዴል ዓመቱ ላይ 8 ሲቀነስ የኢትዮጵያው ዓመት ይገኛል፤ 1966 ሲቀነስ 8፣ 1958 ይሆናል። ስሌቱ የማይሠራው ከሐምሌ 25 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ለተመረቱት ነው፤ ለእነዚያ 9 ይቀነሳል። ከነሐሴ 1964 እ.ኤ.አ. በኋላ ለተሠሩት ደግሞ ማረጋገጫው በሻንሲ ቁጥሩ ላይ አለ፤ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴል ዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ ነው። በ115 የሚጀምር ቁጥር የ1965 ሞዴል፣ በ116 የሚጀምር የ1966 ሞዴል ነው። ሊብሬውን ከሻንሲው ጋር ማስተያየት ማለት አንድን የተጻፈ ሰነድ በሌላ ነፃ ምንጭ መመርመር ነው፤ በመጀመሪያ ዓመት የታሪክ ዘዴ ትምህርት የምናስተምረው ይህንኑ ነው።

የመንገድ ዳር ለውጥ

ሁለተኛው የኢትዮጵያ ምክንያት ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዕለት አገሪቱ ከግራ ወደ ቀኝ መስመር አነዳድ ተሻገረች። ከዚያ በፊት የገቡ መኪኖች መካከል መሪያቸው በቀኝ የሆነም በግራ የሆነም ነበሩ። መሪው በቀኝ የሆነ መኪና ያለው ሰው ሦስት ምርጫ ነበረው፦ እንደ ነበረ መንዳት፣ መሸጥ ወይም መሪውን ማዛወር።

መሪ ሲዛወር የሚነካው መሪው ብቻ አይደለም። ፔዳሎቹ፣ ገመዶቹ፣ የፍጥነት መቁጠሪያውና የዝናብ መጥረጊያው ሁሉ ይከተሉታል። ዳሽቦርዱ ላይ አሮጌው ቀዳዳ ይደፈናል፤ አዲስ ይበሳል። ዛሬ አንድ ሰው ዳሽቦርዱን ፈትቶ የተደፈነ ቀዳዳ ቢያገኝ፣ ያገኘው የአንድ መካኒክ ስሕተት ላይሆን ይችላል፤ የአንድ አገር ውሳኔ በቆርቆሮ ላይ ያረፈበት ምልክት ሊሆን ይችላል። ይህን የመሰለ ማስረጃ በአዋጅ ጽሑፍ ውስጥ አይገኝም። አዋጁ መስመሩ መለወጡን ይነግረናል፤ ወጪውን ማን እንደ ተሸከመ፣ ሥራው በማን እጅ እንደ ተሠራ የሚነግረን ቆርቆሮው ነው።

ጋራዡ፣ ሁለተኛው ፋብሪካ

አሁን ወደ ራሳችን ሰዎች እንመለስ። በኢትዮጵያ የመኪና ጥገና ሙያ የጣልያን አሻራ እንዳለበት ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ፓራውልት፣ ፍሬቻ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ እያልን ስንናገር ጣልያንኛ መሆኑን አናስብም። የወንበር ልብስ የሚሠራበት ታፒሴሪያም ከዚያው የመጣ ቃል ነው። ከወረራው በኋላ በአገራችን የቀሩ ጣልያኖች ጋራዥ ከፍተው ሠርተዋል፤ ኢትዮጵያውያን ልጆችም አብረዋቸው ሆነው በማየትና በመሥራት ሙያውን ቀስመዋል። በዚህ መንገድ ትውልድ ለትውልድ ያስተላለፈው ዕውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ በእጅ ነው የተላለፈው።

ይህ ዕውቀት ከፋብሪካ የተለየ አመክንዮ አለው። ፋብሪካ የሚጠይቀው «ትክክለኛው ዕቃ የትኛው ነው?» ብሎ ነው፤ ጋራዥ የሚጠይቀው «ካለው ውስጥ የሚሠራው የትኛው ነው?» ብሎ ነው። መለዋወጫ በማይገባበት ዘመን፣ ወይም ዋጋው ከመኪናው በሚበልጥበት ጊዜ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ነው መኪናውን በሕይወት ያቆየው። የአዲስ አበባን ታክሲዎች እናስታውስ። መጀመሪያ ፊያት 600፣ በሕዝቡ አጠራር «ሰይቼንቶ»፣ ከዚያም ላዳ። ላዳ ራሷ የፊያት 124 ልጅ ናት። ሶቪየት ኅብረት ከፊያት ጋር በ1966 እ.ኤ.አ. ተዋውላ በቶልያቲ ማምረት የጀመረችው በሚያዝያ 1970 ነው፤ መኪናዋንም ለአገሩ መንገድና ብርድ እንድትስማማ ወደ 800 የሚሆኑ ለውጦች ተደርገውባታል። ከጣልያን ዕቃ ጋር ያደገው የአዲስ አበባ መካኒክ ላዳን ሲከፍት የሚያውቃትን የማያውቃት ሆና አገኛት። በቶልያቲ መሐንዲስ የተደረገው ማስማማት «ዲዛይን» ይባላል፤ በሶማሌ ተራ ወይም በሆሳዕና ጋራዥ የተደረገው ማስማማት ግን «ቅያሬ» ወይም «ብልሽት» ይባላል። ሥራው በባሕርዩ አንድ ሆኖ ሳለ ስሙ ለምን ይለያል?

ለዚህ ጥያቄ በከምባታና በሀዲያ ምድር የቆምን ሰዎች ከሌላው ይልቅ ቀረብ ያለ መልስ አለን። በአካባቢያችን ማረሻውን የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ ሸክላ የምትሠራው እናት፣ ቆዳ የሚያለፋው ሰው ማኅበረሰቡ ያለ እነርሱ መኖር ሳይችል፣ ከማዕድና ከጋብቻ ተገልለው የኖሩበት ረጅም ታሪክ አለ። የእጅ ሥራን እየተጠቀሙ ሠሪውን መናቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በጋራዥ ሰው ላይ የሚታየው ንቀት የዚያ ታሪክ ቅጥያ ነው ብዬ በእርግጠኝነት አልናገርም፤ ሆኖም ሁለቱ የሚመሳሰሉበት ነጥብ ግልጽ ነው፦ በሁለቱም ዘንድ ሥራው ይታያል፣ ሠሪው ግን በታሪክ አይመዘገብም።

እንዴት እንለይ?

ይህ ሁሉ ሲባል ግን፣ ልዩነት ሁሉ ውድ ነው፣ ስሕተት የሚባል ነገር የለም ማለት አይደለም። ፋብሪካም ይሳሳታል፤ ጋራዥም ያበላሻል፤ ሌባም ዕቃ ይለውጣል። የሻንሲ ቁጥር ሆን ተብሎ ተፍቆ ቢገኝ እርሱ ወንጀል ነው እንጂ «ቅርስ» አይደለም። ስለዚህ መለያ ዘዴ ያስፈልገናል።

ይህን ዘዴ ከብራና ጥናት መዋስ እንችላለን። የአንድ ድርሳን ሁለት ቅጂዎች ሲለያዩ የብራና ተመራማሪ አንዱን ወዲያው አይጥልም። ልዩነቱ ከጸሐፊው እጅ መንሸራተት መጣ ወይስ ከቀለም መጥፋት፣ ከሌላ ቅጂ ጋር ከማስተያየት ወይስ በኋላ ዘመን ከተደረገ እርማት ብሎ ይጠይቃል። አሮጌ መኪናም እንዲሁ ይነበባል። የወንበሩን ምሳሌ እንውሰድ። የቮልስ ወንበር በሽቦ ስፕሪንግ ላይ የኮኮናት ጭረትን ከጎማ ጋር በማጣበቅ በተሠራ ንጣፍ ይሞላ ነበር። የሚያድሰው ሰው በዚህ ፈንታ ስፖንጅ ቢያገኝ፣ ንጣፉ በኋላ ዘመን እንደ ተለወጠ ያውቃል። ከእንሰት የተገኘ ቃጫ ቢያገኝስ? ቃጫና የኮኮናት ጭረት ባረጁ ጊዜ ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ በእጅ ሲነኩ ግን ይለያሉ። ቃጫ ከተገኘ ወንበሩ እንሰት በሚበቅልበት አገር እንደ ታደሰ ጠንካራ ጥቆማ ነው፤ ያ ታፒሴሪ የፋብሪካውን ሐሳብ በአገሩ ዕቃ ተርጉሞታል ማለት ነው።

በጥቅሉ ለእያንዳንዱ የማይገጥም ዕቃ አራት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ይቅረቡ። አንደኛ፣ ይህ ዕቃ በሌላ ደረጃ፣ በሌላ ገበያ ወይም በሌላ ፋብሪካ የተለመደ ነበር? ሁለተኛ፣ ከበላዩና ከበታቹ ያለው ቀለም ምን ይላል? የፋብሪካው ቀለም ከብሎኑ ሥር ካለፈ፣ ብሎኑ ከቀለሙ በኋላ መጥቷል፤ ቀለሙ ብሎኑንም አካሉንም ሳይቋረጥ ከሸፈነ፣ ብሎኑ ቀድሟል። ሦስተኛ፣ በሌላ የዚያው ዘመን መኪና ላይ ይህ ነገር ይደገማል? አንድ ጊዜ የታየ ነገር የአንድ ሰው ሥራ ሊሆን ይችላል፤ በብዙ መኪኖች ላይ በአንድ መልክ የሚደጋገም ግን የአንድ ፋብሪካ ወይም የአንድ ጋራዥ ልማድ ነው። አራተኛ፣ የሚያስታውስ ሰው አለ? ለዚህ የመጨረሻው ጥያቄ ጊዜያችን አጭር ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ዓ.ም. ሙያውን የጀመሩ ሰዎች ዛሬ አረጋውያን ናቸው።

ምን ይነሣ፣ ምን ይቅር?

እድሳት ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት መኪናውን ከፋብሪካ በወጣበት ቀን ወደ ነበረበት መመለስን ነው። ይህ ፍላጎት የሚናቅ አይደለም። ባለቤቱ በገንዘቡ የሚያድሰው ንብረቱን ነው፤ ንጹሕና ወጥ የሆነ መኪና ደግሞ በገበያ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ሆኖም እስካሁን እንዳየነው «ከፋብሪካ የወጣበት ቀን» ራሱ በቀላሉ የሚታወቅ ነገር አይደለም። መጽሐፉን ብቻ አምኖ የሚያድስ ሰው፣ መኪናዋ በሕይወቷ ሆና የማታውቀውን መልክ ሊሰጣት ይችላል። ስታንዳርድ ሆና የተወለደችውን ዴሉክስ ያደርጋታል፤ ጌጅ ያልነበራትን ጌጅ ያገጥምላታል። የመጨረሻው ውጤት ያማረ፣ ግን ልብ ወለድ ይሆናል።

በሕንፃ ጥበቃ ረገድ ይህ ክርክር ቀደም ብሎ ተካሂዷል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር በአንድ ሐውልት ላይ የየዘመኑ አሻራ ሊከበር እንደሚገባና ወደ አንድ ወጥ መልክ መመለስ የእድሳት ዓላማ እንዳልሆነ ደንግጓል። የዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ፊቫም በ2012 ያዘጋጀው የቱሪን ቻርተር ይህንኑ መንፈስ ለተሽከርካሪዎች አውሏል። እኔም ከዚህ ወገን ነኝ። የሕይወት አደጋ የሚያስከትለው ይነሣ፤ የተበላ ሽቦ፣ የላላ ፍሬን፣ የተሰነጠቀ የወንበር ማሠሪያ ለታሪክ ተብሎ አይተውም። ሌላው ግን ከመነሣቱ በፊት ይመዝገብ፤ የሚቻል ከሆነ በቦታው ይቅር፤ የማይቻል ከሆነ የተነሣው ዕቃ ስም ተጽፎበት ይቀመጥ።

አንድ ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፦ ድሃ አገር እንዲህ ላለ ጥንቃቄ ጊዜም ገንዘብም የለውም ይባላል። ነገር ግን መመዝገብ ውድ አይደለም። የስልክ ካሜራ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃሉ። ውዱ ነገር ከተጣለ በኋላ መፈለግ ነው።

ለምን አሁን?

ይህን ጉዳይ ዛሬ ያነሣሁት ጊዜው ስለሚያስገድድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ማገዱ ተገልጿል። ፖሊሲው የራሱ ምክንያት አለው፤ በዚህ መድረክ ልከራከርበት አልመጣሁም። ውጤቱ ግን ለታሪክ ተመራማሪ ግልጽ ነው። የነዳጅ መኪና ዘመን በዓይናችን ፊት ወደ ማብቂያው እየተጠጋ ነው። በየግቢው የቆሙት አሮጌ መኪኖች ወይ ይታደሳሉ፣ ወይ እየተፈቱ ለመለዋወጫ ይውላሉ፣ ወይ እንደ ብረት ተመዝነው ይሸጣሉ። በሦስቱም መንገድ ማስረጃው ይጠፋል።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። በሺንሺቾ፣ በዱራሜና በሆሳዕና ያሉት ጋራዦች ገና ያልተገለጡ መዛግብት ናቸው። ከአንድ መካኒክ ወይም ታፒሴሪ ጋር ተስማምታችሁ፣ አንድ አሮጌ መኪና ሲፈታ ከጎኑ ቁሙ። ላንድሮቨርም ይሁን ኤንትሬ፣ ቮልስም ይሁን ላዳ፣ ለውጥ የለውም። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ፤ የዘመን አቆጣጠሩን ለዩ። ያልገጠመውን ዕቃ ሁሉ በሦስት ዓምድ ጻፉ፦ የተገኘው፣ በመጽሐፉ የሚጠበቀው፣ ባለሙያው ስለ እርሱ የሚናገረው። ሦስተኛውን ዓምድ ባለሙያው በተናገረበት ቃል፣ በከምባትኛም ይሁን በሀዲይኛ ወይም በአማርኛ፣ ሳታርሙ መዝግቡት። የባለሙያውንም ስም፣ ፈቃዱ ከሆነ፣ በጽሑፋችሁ ላይ አስፍሩ፤ እስካሁን ስሙን የጻፈለት የለምና።

ለጋራዥ ባለሙያዎቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪ መጥቶ «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ በትዕግሥት አስረዱት። ጥያቄው ሥራችሁን ለመንቀፍ የቀረበ አይደለም።

 አሁን ወደ ጥያቄና አስተያየት እንለፍ።